ስለ ሹሩቅ ነሲም ሲጠይቁኝ

ወይዘሮ ኢንሻራህ አብደልመቅሱድ ሙርሲ በፈረንጆች አቆጣጠር መጋቢት 9 ቀን 1929 ዓ.ም. በግብፅ፣ በጣንጣ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ኡድ የተባለው ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ። የተጠገነው ኡድ ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት መፈተን ነበረበትና አባትየው ክሩን ሲቃኙ ልጅቱ እየዘፈነች ታግዛቸው ነበር። ዜማ የተማሩት እንዲህ ነው፤ ሌላ አስተማሪ አልነበራቸውም።

በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ከአክስታቸው ጋር ወደ ካይሮ መጡና በአንድ የፊልም ድርጅት ከአጃቢ ዘፋኞች ጋር ተቀጠሩ። ድርጅቱ ኢንሻራህ የሚለው ስም ለማስታወቂያ ሰሌዳ ይከብዳል ብሎ ሹሩቅ ነሲም የሚል ስም አወጣላቸው። በዚያ ዘመን ፊልም ያለ ዘፈን አይታሰብም ነበር። ድምፁ ቀድሞ ይቀረጻል፤ ከዚያ በኋላ ተዋናዩ ካሜራ ፊት ቆሞ የራሱን ድምፅ እየሰማ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሹሩቅ ነሲም ግን ከንፈር ማንቀሳቀስን እንደ ማጭበርበር ስለምትቆጥረው፣ ድምፅ በማይቀረጽበት ሰዓት እንኳ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ትዘፍነው ነበር። ምክንያቷን ሲጠይቋት «አንገት አይዋሽም» ትል እንደነበር ከአንድ የዘመኑ መጽሔት አንብቤአለሁ።

ሥራዋ መመለስ ነበር። ዋናው ዘፋኝ በጀልባ ላይ ሆኖ አንድ ስንኝ ያወጣል፤ እርሷ ከሰገነት ላይ ሆና ሁለተኛውን ትመልሳለች። በፊልሙ መጨረሻ ዋናው ዘፋኝ የሚያገባው ሌላ ሴት ነው። የሹሩቅ ነሲም ስም ከተዋንያኑ ዝርዝር በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው መስመር ላይ ይወጣ ነበር።

በሸራ ላይ የነበረችውን ልጅ «እርሷ»፣ በሕንፃችን ደረጃ ላይ አገኛቸው የነበሩትን ሴት ደግሞ «እርሳቸው» እያልሁ መጻፌ የአጻጻፍ ስሕተት አይደለም። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሁለቱን ለያይቼ የኖርሁት እኔ ነኝ፤ ይህ ጽሑፍም ስለዚያ ነው።

ወይዘሮ ኢንሻራህ በዚያው ድርጅት የመብራት ሠራተኛ የነበሩትን ለቢብን አገቡና አሽረፍ የሚባል ልጅ ወለዱ። ዘመኑ ተለወጠ፤ ሰውም ከዘፈን ይልቅ ሽጉጥ ማየት ፈለገና ሰገነት ላይ ቆማ የምትመልስ ሴት የሚፈልግ ጠፋ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ በ1968 በካይሮ ሹብራ ሠፈር ወዳለው ሕንፃችን ገብተው ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ላይ መኖር ሲጀምሩ፣ ኡም አሽረፍ፣ ማለትም የአሽረፍ እናት፣ የሙሽራ ቀሚስ ሰፊዋ ተብለው ነው። ያለፈውን አላነሡም፤ የጠየቃቸውም የለም።

እኔ ዋስፊ እባላለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት የዐረብኛ ሰዋስው አስተማርሁ። በ1949 የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ሳለሁ ከትምህርት ቤት እየቀረሁ «የጀልባው ሠርግ» የተባለውን ፊልም በሦስተኛ ማዕረግ መቀመጫ ዘጠኝ ጊዜ አየሁ። የሄድሁት ለጀልባው አልነበረም። ለሹሩቅ ነሲም ደብዳቤ ጻፍሁላት፤ እርሷም ፊርማዋ ያለበት ፎቶግራፍ ላከችልኝ። ፎቶግራፉን በሰዋስው መጽሐፌ ውስጥ ደብቄ ስይዝ አባቴ አገኘው።

«ይህች ማን ናት?» አለኝ።

«አላውቃትም፣ አባባ። የክፍል ጓደኛዬ ነው ያስቀመጠው።»

«ካላወቅሃት ቅደዳት» ብሎ ሰጠኝ። ቀደድኋት።

አስተማሪ ከሆንሁ በኋላም ከተማሪ ደብተር ውስጥ የዘፋኝ ፎቶግራፍ ባገኘሁ ቁጥር ለባለቤቱ እሰጥና በክፍሉ ፊት ራሱ እንዲቀድድ አደርግ ነበር። ይህን ቅጣት ከየት እንደተማርሁት የጠየቀኝ ተማሪ የለም።

ኡም አሽረፍ በገቡ በሁለተኛው ወር ማንነታቸውን አወቅሁ። በሕንፃችን መካከል ከጣራ እስከ ምድር የሚወርድ ጠባብ ክፍት ቦታ አለ፤ የሁላችንም የወጥ ቤት መስኮት ወደዚያ ስለሚከፈት ማን ምን እንደ ጠበሰና ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ የሚሰወር አይደለም። አንድ ቀን ቀትር ላይ ከታች ዜማ ሰማሁ። አንድ ስንኝ ተዘፈነ፤ ከዚያም የአንድ ስንኝ ያህል ዝም ተባለ፤ ቀጥሎ ሌላ ስንኝ መጣ። ሴትዮዋ የምታንጎራጉረው መልሱን ብቻ ነበር፤ ለወንዱ ቦታውን ትታለት ነበር። እኔ እጄን በሳሙና እንደታጠብሁ ቆሜ የጎደለውን ስንኝ በልቤ ሞላሁት። አልተሳሳትሁም፤ ያን ዝምታ በዘጠኝ ፊልም ቀን ለክቼዋለሁና።

ለማንም አልተናገርሁም። ዓርብ ዓርብ ከቀትር በኋላ ቴሌቪዥኑ የጥንቱን ፊልም ሲያሳይ የሕንፃው ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ያያል። ሚስቴ ፈውዚያ ስለ ሰገነቷ ልጅ «ይቺ ማን ትባል ነበር? የት ደረሰች ይሆን?» ብላ በጠየቀችኝ ጊዜ፣ «እነዚህን ማን ያስታውሳቸዋል» ብዬ ጋዜጣዬን ገለጥሁ። ከእግራችን በታች ደግሞ ኡም አሽረፍ በዚያው ሰዓት ቴሌቪዥናቸውን ያስጠፉ ነበር። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

በ1979 አሽረፍና ሚስቱ በእስክንድርያ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞቱና የስምንት ዓመቷ ልጃቸው ሪሃም በአያቷ እጅ ቀረች። ኡም አሽረፍ በየሙሽራው ቀሚስ ላይ ዶቃ እየሰፉ አሳደጓት፤ በንግድ ትምህርት አስመረቋት። በ1993 ሪሃም ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቷት በአንድ መሥሪያ ቤት ስትሠራ ሂሻም የሚባል ወጣት ሊያገባት ፈለገ። አባቱ ሐጅ ዘግሉል የመብራት ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ ቤተ ሰቡ የተከበረ ነው። ኡም አሽረፍ ከዚህች ልጅ ጋብቻ በቀር በዚህ ዓለም የሚጠብቁት ነገር እንዳልነበራቸው የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

በእኛ ዘንድ ጎረቤት ሳይጠየቅ ጋብቻ አይጀመርም። የወንዱ አባት የሴቲቱን ቤት በቅርብ የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ፈልጎ ይጠይቃል። የተጠየቀው «ሰዎች ናቸው» ካለ በቂ ነው። ዝም ካለ ግን «አትግቡ» ማለቱ ነው። ይህን ልማድ አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ስንት ጊዜ ተጠይቄበታለሁ።

አንድ ማክሰኞ የዐስር ሰላት ሰግደን በመስጊዱ በር ጫማችንን ስናጠልቅ ሐጅ ዘግሉል ክንዴን ያዙኝ።

«ኡስታዝ፣ አንድ ጊዜ ላስቸግርዎት። ልጄን ሂሻምን ያስታውሱታል? እርስዎ ነዎት ያስተማሩት። እስከ ዛሬ ደብዳቤ ሊጽፍ ብዕር ሲያነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል።»

«ያን ጊዜም ይንቀጠቀጥ ነበር» አልሁ።

ከልባቸው ሳቁ። «እንግዲህ ነገሩ ስለ ኡም አሽረፍ የልጅ ልጅ ነው። ልጅቷን አይተናል፤ ወርቅ ናት። እኔ የምጠይቅዎት ስለ ቤቱ ነው። ሴትዮዋ እዚህ ከመግባቷ በፊት ምን ነበረች? ሃያ አምስት ዓመት ከላይና ከታች ኖራችኋል። ‹ደግ› ይበሉኝና ሐሙስ መጥተን ለእጮኝነቱ ፋቲሓ እንቀራለን።»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። ነገር ግን እውነቱን ብናገር «እርስዎ በምን አወቁ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ሦስተኛው ማዕረግ፣ ዘጠኙ ቀን፣ ፎቶግራፉ ሁሉ ይከተላል። «ሰዎች ናቸው» ብዬ ብቻ ባልፍ ደግሞ ምስክርነት መሸሸግ ይሆንብኛል ብዬ ለራሴ አመካኘሁ። ፍርሃቴን ሐቀኝነት የሚል ስም ሰጠሁት። ዐይኔን ከመቁጠሪያዬ ሳላነሣ እንዲህ አልሁ፦

«አላህ የሁላችንንም ገመና ይሸፍን።»

ሐጅ ዘግሉል እጃቸውን ከክንዴ ላይ ቀስ ብለው አነሡ። «አሚን» አሉና ሄዱ።

ሐሙስ ዕለት ኡም አሽረፍ ለእንግዶቹ ከቤታችን ስድስት ወንበር ተበደሩ። ወንበሮቹን ያወረድሁት እኔ ነኝ። ሪሃም አያቷ ለራሷ የሰፉላትን ቀሚስ ለብሳ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ጣፋጩ በሁለት ትሪ ተደርድሯል። ኡም አሽረፍ «ኡስታዝ፣ እርስዎም ይምጡ እንጂ፤ እንደ አባቷ ነዎት» አሉኝ። ራሴን አመመኝ አልሁ።

እንግዳ አልመጣም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፍ ያልወጣውም ያን ያህል እንደሚርቅ የተማርሁት በዚያ ቀን ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሪሃም ወንበሮቹን ሁለት ሁለት እያደረገች ወደ ላይ አመላለሰች። ፈውዚያ በሩ ላይ ተቀበለቻት።

«ምነው ልጄ፣ ራስሽ ትሸከሚያለሽ? አሳንሰሩም ተበላሽቷል።»

«የተሸከምኩት ወንበር ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ አክስቴ።»

«ምን አሉ ሰዎቹ?»

«ምንም። ‹ጠይቀን ነበር› ብለው ላኩ። የጠየቁት ሰው ዝም አለ አሉ። ማን እንደሆነ አልተናገሩም።» ወደ እኔ ዞረች። «አጎቴ፣ አያቴ ከትናንት ጀምሮ ‹በእኔ ነው፣ በእኔ ነው› ትላለች። በምን ነው ብላት አትመልስም። ምን አድርጋ ነው? ሰው ገድላለች?»

«ወንበሩን ከግድግዳው አስጠግተሽ አስቀምጪው» አልኋት።

ልጅቷ እንደወረደች ፈውዚያ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች።

«ዋስፊ፣ ማንን ነው የጠየቁት?»

ወንበሮቹን ማስተካከል ጀመርሁ።

«ምን አልካቸው?»

«ምንም አላልኩም።»

«ምንም! ሠላሳ ስድስት ዓመት አፍህን ሳትዘጋ ኖረህ፣ እዚች ወላጅ አልባ ጋ ስትደርስ ዘጋኸው?»

ሁሉንም ነገርኋት፤ ፊልሙን፣ ፎቶግራፉን፣ ከወጥ ቤት የሰማሁትን ዜማ። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ያቺ የሰገነቷ ልጅ? ታች ያለችው? እና እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ከእሷ ጋር ባሚያ ስቀነጥስ፣ አንተ አንድ ቃል ሳትነግረኝ? ለኔ ዘፍና አታውቅም እኮ! ሂድ። ጫማህን አድርግና ለሰውየው ያላልከውን በል።»

ሐጅ ዘግሉልን ቅዳሜ ጠዋት በሱቃቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ከራሳቸው በላይ በርካታ የብርጭቆ መብራቶች ተንጠልጥለው ሁሉም በቀን ይበሩ ነበር፤ ፊቴን የምሸሽግበት ጥላ አላገኘሁም።

«ሐጅ፣ ማክሰኞ ዕለት መመለስ ሲገባኝ ዝም አልሁ። ኡም አሽረፍ እንከን የላቸውም። በወጣትነታቸው በፊልም ይዘፍኑ ነበር፤ ነገሩ ይህ ብቻ ነው። ሹሩቅ ነሲም ይባሉ ነበር።»

«የትኛዋ ሹሩቅ?» በእጃቸው የያዙትን አምፖል አስቀመጡ። «ከሰገነት የምትመልሰው? አንገቷ ረጅም የሆነው?»

«እርሷው ናቸው።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «ዘጠኝ ጊዜ አይቼአታለሁ» አልሁ።

«ዘጠኝ! እኔ'ኮ አራት ጊዜ ነው፤ ለዚያውም በአራተኛው ወንድሜ ከሲኒማ ቤቱ በጆሮዬ ጎትቶ አወጣኝ። ኡስታዝ ዋስፊ ዘጠኝ ጊዜ! ይህን ሂሻም ቢሰማ እጁ መንቀጥቀጡን ያቆማል።» ጠረጴዛውን እየመቱ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ላይ ድንገት ጠፋ።

«ቆይ። እርስዎ ይህን ለመናገር ነው ያፈሩት? እኔ ምን እንዳሰብኩ ያውቃሉ? መቁጠሪያዎን እያዩ ‹ገመና› ሲሉኝ እስር ቤት አሰብኩ፤ ለአፍ የማይመች ነገር አሰብኩ። ሚስቴ ‹ምን ሰማህ?› ስትለኝ ‹አትጠይቂኝ› ብዬ ከለከልኳት፤ እሷ ደግሞ ከኔ የባሰ አሰበች። ዘፋኝ ነበሩ ቢሉኝ እኮ እጃቸውን ስሜ ነበር የምገባው! ዝም ያለው ሌላ ሰው ቢሆን ደግሜ እጠይቅ ነበር። እርስዎ ስለሆኑ አልጠየቅኩም።»

በዚህች የመጨረሻ ንግግራቸው ውስጥ የሠላሳ ስድስት ዓመት ክብሬ ሁሉ ነበረ፤ ያን ክብር ምን እንዳደረግሁበትም ነበረ።

በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ሐጅ ዘግሉል ወደ ኡም አሽረፍ ቤት መጡ፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ኡም አሽረፍ መርፌያቸውን እንደያዙ ተነሡ። ሐጁ ከመቀመጣቸው በፊት ይቅርታ ጠየቁ።

«እመቤቴ፣ ነውሩ የእኔ ነው። እርስዎ ሹሩቅ ነሲም መሆንዎን ባውቅ ኖሮ አበባ ይዤ፣ ከበሮ አስመትቼ ነበር የምመጣው።»

የኡም አሽረፍ ፊት ነጭ ሆነ። ሪሃም አያቷን ተመለከተች።

«ሹሩቅ ማን ናት?»

ትንሽ ቆይታ ራሷ ደረሰችበት። «ዓርብ ዓርብ የምትመጣዋ? ‹አጥፊው፣ ራሴን ያመኛል› እያልሽ የምታስጠፊኝ?»

«በአንቺ ላይ እንዳይመጣ ብዬ ነው» አሉ ኡም አሽረፍ። «እንደማይቀር አውቄ ነበር።»

ሪሃም የአያቷን እጅ ያዘች፤ ከዚያ ወደ ሐጁ ዞረች። «ሂሻም የት አለ?»

«ታች፣ መኪና ውስጥ ነው። አፈረ፤ ልጥራው?»

«ሐጅ፣ ልጅዎ ሁለት ዓመት በየቀኑ ከሥራዬ በር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ አብሮኝ ሄዷል። ሐሙስ ዕለት አንዴ ደውሎ ‹ምን ተፈጠረ?› ቢለኝ ምን ነበረበት? እኔን አልጠየቀም። ነገ ደግሞ ስለ እኔ ሌላ ሰው ዝም ቢልስ? አይጥሩት። አልፈልግም።»

ሐጁ ወደ ኡም አሽረፍ ዞሩ። «እመቤቴ፣ እርስዎ ይንገሯት እንጂ። ልጅ ናት።»

«መልሷን ሰምተዋል፣ ሐጅ» አሉ ኡም አሽረፍ። «እኔ የምሰፋው ቀሚስ ነው፤ አፍ አልሰፋም።»

ሐጅ ዘግሉል አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው የኡም አሽረፍን እጅ ሳሙ፤ ወጡ። ሪሃም ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ፤ ግን ቀረሁ።

«ኡስታዝ፣ የተጠየቁት እርስዎ ነዎት» አሉኝ ኡም አሽረፍ። ጥያቄ አልነበረም።

«እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁኝ?»

«በገቡ በሁለተኛው ወር። ከወጥ ቤት ሲያንጎራጉሩ ሰማሁዎት።»

መርፌውን በደረታቸው ልብስ ላይ ሰኩ።

«ሃያ አምስት ዓመት» አሉ። «እኔ'ኮ የሚያስታውሰኝ ሰው ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለቢብ ሲሞት አብሬ የተቀበርኩ መስሎኝ ነበር። ልጅቷን ብዬ ለሰው መናገር አልቻልኩም፤ ግን አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ቢያውቅ እያልኩ ስንት ጊዜ ተመኘሁ። እርስዎ ከራሴ በላይ ነበሩ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሰው ሳይኖር ‹ደህና አደርሽ ሹሩቅ› ቢሉኝ ምን ይጎድልብዎት ነበር?»

«ክብሬ የሚጎድል መስሎኝ ነበር።»

«አልጎደለም?»

«አሁን ጎደለ» አልሁ።

ይቅር አላሉኝም፤ አልረገሙኝምም። ጭናቸው ላይ የነበረውን ነጭ ጨርቅ አነሡና መስፋታቸውን ቀጠሉ። ሻይ አልቀረበልኝም። በእኛ አገር ወደ ጎረቤት ቤት ገብቶ ሻይ ሳይቀርብለት የወጣ ሰው ፍርዱን ይዞ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት በአንድ ደረጃ ወጣን፣ ወረድን። ሰላምታዬን ሁልጊዜ ይመልሱልኝ ነበር፤ ከሰላምታው አልፈው ግን ምንም አላሉኝም። ከፈውዚያ ጋር ወዳጅነታቸው እየጠበቀ ሄደ፤ ሁለቱ ዓርብ ከቀትር በኋላ በራቸውን ዘግተው አብረው ፊልም ያዩ ነበር፤ እኔ ግን አልተጠራሁም። ሪሃም በ1996 አንድ የመድኃኒት ቀማሚ አገባች። ወላጆቹ ጎረቤት ለመጠየቅ ከመነሣታቸው በፊት ስለ አያቷ ራሷ አስቀድማ ነግራው ነበር። በሠርጉ ላይ ከኋላ ረድፍ ተቀምጬ አጨበጨብሁ።

ወይዘሮ ኢንሻራህ ጥቅምት 2 ቀን 2001 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ጋዜጣ አላነሣቸውም። ስማቸውን በየትም የጻፈላቸው ስለሌለ፣ እኔም መናገር በሚገባኝ ጊዜ ዝም ስላልሁ፣ ዘግይቶም ቢሆን ይህን ጻፍሁ።

ወይዘሮ ኢንሻራህ አብደልመቅሱድ ሙርሲ ሹሩቅ ነሲም በሚል ስም በአሥራ አንድ ፊልሞች ዘፍነዋል፤ ከአራት መቶ በላይ የሙሽራ ቀሚስ ሰፍተዋል፤ ወላጆቿን ያጣች የልጅ ልጃቸውን አሳድገው፣ አስተምረው፣ ድረዋል።